ስምህ የወጣለት ውሻ

ለወንድሜ ለዮፍታሔ ለይኩን
ደርባን

ውድ ወንድሜ፣ እንደምን አለህልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ባለፈው ካርቶን ሳነሳ ቀጭ አለብኝ ያልከኝ ቦታ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? እናንተ ጋ ሙቀቱ ሊገባ ነው አሉ፤ እኛ ጋ ክረምቱ ወጥቶ የጠዋቱ ብርድ ጀምሯል። ሱቁስ? ሰፈሩ ሰላም ነው? በሩን ከውስጥም ከውጭም ቆልፈህ ነው የምትተኛው? ብዙ የምጠይቅህ ነበረኝ፤ ግን ዛሬ መልስ ያለብኝ እኔ ነኝ።

እኛ ጌታ ይመስገን አለን። አለን ስልህ ሁላችንም በሕይወት አለን ማለቴ ነው። ደህና ነን ብዬ ግን አልጽፍልህም፤ ከእንግዲህ ላልዋሽህ ወስኛለሁ። ስልክ እያለ በወረቀት የምጽፍልህ አባባ ስላዘዘኝ ነው። "በስልክ ከነገርሽው ታለቅሺና ይምርሻል፤ ጽፈሽ ላኪለት" አለኝ። ይህን የሚያደርስልህ ሀብቶም የሚባል የባለቤቴ የቢንያም የሥራ ባልደረባ ነው፤ ቅዳሜ ወደ እናንተ አገር ይበራል። ሱቅህን ዘግተህ፣ ለብቻህ ሆነህ አንብበው።

ከሰፈር ልጆች ሰምተህ ይሆናል፤ ሰምተህም በሆድህ ይዘኸው ይሆናል። ካልሰማህ ደግሞ ከእኔ ስማ። ቤታችን ውሻ ነበር። ወንድ ነው፤ ቡላ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ። ስሙ ዮፍታሔ ነበር። ስሙን ያወጣለት አባባ ነው።

እማዬ ካረፈች ገና ሁለት ወሯ ነበር። ሌባ በጓሮ በኩል ገብቶ የተሰጣውን ልብስ ጠራርጎ ወሰደው፤ ከወሰደው መሀል የእማዬ ሁለት ቀሚስ ነበረበት። አባባ በጣም ስለተናደደ ቢንያም አያት ሰፈር ከሚኖር ሰው ቤት አንድ ቡችላ በካርቶን ይዞ መጣ። እሁድ ነበር፣ ከቸርች መልስ። ስም እናውጣለት ተባለ። ቢንያም "ቦቢ" አለ። ልጄ ኤልዳና ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው፤ "በሰፈሩ ያለው ውሻ ሁሉ ቦቢ ነው፤ ማንም ውሻ የሌለው ስም ይሁን" ብላ "ብስኩት እንበለው" አለች። እኔም የጎረቤታችን የእትዬ ሥርጉት ውሻ ድሮ "ምን አገባው" ይባል እንደነበር፣ ውሻቸውን በጠሩት ቁጥር አላፊ አግዳሚው ለኔ ነው እያለ ይጣላቸው እንደነበር አስታወስኳቸው። ከእማዬ ቀብር ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ የተሰማው ያን ቀን ነው።

አባባ በሩ ጋ ተቀምጦ የጫማውን ክር እየፈታ ነበር። ቀና እንኳ ሳይል "ዮፍታሔ በሉት" አለ። ቢንያም የቀለደ መስሎት "አባባ፣ ይሄማ የሰው ስም ነው" አለው። አባባም፣ "እኔ ያወጣሁት ስም ነው፤ የፈለግሁትን አደርገዋለሁ። ሲጠሩት የሚመጣ ዮፍታሔ ይኑረኝ" አለ። ሳቁ እዚያው ላይ ቆመ። እኔ ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር። ወደ ጓዳ ገባሁና ማልቀሴ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፈትኩ፤ ውሃ አልነበረም።

የሰውን ስም፣ ያውም የገዛ ልጅን ስም ለውሻ መስጠት እዚህ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ። ወሬው በሳምንቱ ኮተቤን አዳረሰ። መጋቢ ኃይሉ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። "አቶ ለይኩን፣ ሐዘኑ ከብዶብዎት ነው እንጂ ይህ ከቃሉ የተወሰደ ስም መሆኑን ይረሱታል ብለን አይደለም" አሉት። አባባ፣ "መጽሐፉን ገልጬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እናቱ አምስት ሳምንት አልጋ ላይ ስትማቅቅ አንድ ቀን ያልደወለ ልጅ በዚህ ስም ሲጠራ አልከፋችሁም፤ ውሻ ሲጠራበት ነው የከፋችሁ?" አላቸው። የቀረበላቸውን ሻይ ሳይነኩ ወጡ። አባባም እስከ ፋሲካ ድረስ ቸርች አልረገጠም።

አሁን ደረስኩበት። "አምስት ሳምንት" የሚለውን አይተህ ደንግጠህ ይሆናል። አንተ የምታውቀው እማዬ ማታ ደህና ተኝታ ጠዋት እንዳልነቃች ነው። እንዲያ ያልኩህ እኔ ነኝ። ውሸት ነው፣ ወንድሜ።

እማዬ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው የወደቀችው። ጉበቷ ነበር፤ ሐኪሞቹ ሲያዩት ጊዜው አልፏል አሉን። በሁለተኛው ቀን እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ "ዮፍታሔ እንዳይሰማ። ከሰማ ይመጣል፤ ከመጣ ደግሞ የመኖሪያ ወረቀቱ ይበላሽበታል፣ ተመልሶ አያስገቡትም። ስድስት ዓመት የለፋው ልፋት በእኔ ምክንያት ሜዳ ላይ እንዳይቀር" አለችኝ። ማይልኝ አለችኝ፤ ማልኩላት። አባባ ግን ከሐኪም ቤት በተመለስን ቁጥር "ነገርሽው?" ይለኛል። አልነገርኩትም ካልኩት ራሱ ደውሎ ይነግርሃል ብዬ "ነግሬዋለሁ" አልኩት። "ምን አለ?" አለኝ። "ይደውላል" አልኩት። በማግስቱ ጠየቀኝ፣ በሳልስቱም ጠየቀኝ፤ ሥራ በዝቶበት ነው፣ ኔትወርክ እምቢ ብሎት ነው እያልኩ አሳለፍኩት። አባባ ራሱ ለምን አልደወለልኝም ትል ይሆናል። "እናቱ ታማ እኔ ነኝ እንዲደውል የምለምነው?" ነው የሚለው፤ ኩራቱን ታውቀዋለህ። ስልኩን ቻርጅ አድርጎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ በጮኸ ቁጥር አውጥቶ ያያል፣ መልሶ ይከታል። አምስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ።

ልታርፍ አንድ ቀን ሲቀራት እማዬ ራሷ "ድምፁን አሰሚኝ" አለችኝ። ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ። ስልክህ ዝግ ነበር። በኋላ እንደነገርከኝ ሱቅህን ዘርፈው ስልክህን የወሰዱበት ሳምንት ነው። ስለዚያ ቀን ራሴን አልከስም። የሚያቃጥለኝ ከዚያ በፊት ያሉት ቀናት ናቸው፤ ስልክህ ክፍት የነበረባቸው።

ከወር በኋላ እዚያ ባሉ ወንድሞች በኩል መርዶህን አስነገርኩ። አንተም ደውለህ "ታማ ነበር ወይ?" ስትለኝ "ድንገት ነው" አልኩህ፤ አንተ እውነቱን ካወቅህ አባባም ይሰማል ብዬ ፈራሁ። እሱ ጋ ስትደውል አላነሣ ያለህ መታመሟን እያወቅህ ያልደወልክ ስለመሰለው ነው። ሐዘኑ ነው፣ ሲወጣለት ያነሳዋል እያልኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ስለ ውሻው ልንገርህ። መጀመሪያ ላይ አባባ ስሙን የሚጠራው ለቁጣ ብቻ ነበር። "ዮፍታሔ ውጣ! ዮፍታሔ ዝም በል! አንተ የማትረባ ዮፍታሔ!" ድምፁ ደግሞ እንደምታውቀው እስከ አስፋልቱ ይሰማል። እኔና ቢንያም በስሙ ጠርተነው አናውቅም፤ "ና" እና "ሂድ" ብቻ ነበር የምንለው። ኤልዳና ግን ልጅ ናት። አንተ ስትሄድ ገና አንድ ዓመቷ ስለነበር አታስታውስህም። አንድ ቀን የፎቶህን አቧራ እየወለወለች፣ "እማ፣ አጎቴን በውሻው ስም ነው የጠሩት?" አለችኝ።

በሁለተኛው ክረምት ውሻው ታመመ፤ ደም ያስቀምጠው ጀመር። ይሞታል ብለን ነበር። አባባ ኮቱን አውልቆ ጠቀለለውና በዝናብ ታቅፎት ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰደው። ከዚያም አምስት ቀን ሙሉ ስኳርና ጨው በውሃ እየበጠበጠ በመርፌ ቀፎ አፉ ውስጥ አንጠባጠበለት። ውሻው ዳነ፤ የአባባም ድምፅ ከዚያ ወዲህ ተለወጠ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ "ዮፍታሔ፣ በላህ?" ይለዋል። "ዮፍታሔ፣ በረደህ?" ይለዋል። ከዕድር ሲመለስ ማን ምን እንደተናገረ አንድ በአንድ ያወራለታል። እኔ ከመስኮቱ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ከውሻው ጋር እንደማያወራ ገብቶኝ ነበር። ገብቶኝም ዝም አልኩ።

ሌላም ያልነገርኩህ አለ። ዓምና በገና ሰሞን ስትደውልልኝ፣ ድንገት ወሬህን አቋርጠህ "አባባ ስሜን ጠራ! ሳምራ፣ አባባ ስሜን ሲጠራ ሰማሁት" ብለህ እንደ ሕፃን አለቀስክ። "ሊያናግረኝ ነው?" አልከኝ። እኔ "ገና ነው፣ ግን እያነሳህ ነው" አልኩህ። አባባ ያን ሰዓት ግቢ ውስጥ አጥንት ይዞ ውሻውን እየጠራው ነበር። ደስታህን ማጥፋት አቃተኝ። ይቅር በለኝ ብዬ እንኳ ለመጻፍ ፊት የለኝም።

የዘንድሮ ደመራ ዕለት ሰፈሩ ውስጥ ልጆች ርችት ሲተኩሱ ዋሉ። ውሻው ደንግጦ ገመዱን በጥሶ ወደ ተራራው ሸሸ። ጠዋት ስነሣ የአባባ አልጋ ባዶ ነው፤ ከዘራውም የለም። አውቀዋለሁ የት እንደሄደ፤ በነጠላ ጫማ ተከትዬው ወጣሁ። ከሰፈራችን በላይ ያለውን የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ታስታውሰዋለህ፤ ክረምቱ ጭቃውን ገና አልለቀቀውም ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ድምፁን ሰማሁት። "ዮፍታሔ! ልጄ፣ ዮፍታሔ!" ይላል። የሰባ አራት ዓመት ሰው ነው፤ ድምፁ እየተሰበረ ጫካው ይመልሰዋል። ከዚያ ዝም አለ።

ሳገኘው ከአንድ ቦረቦር ውስጥ ወድቆ ነበር። ቅጠል የሚለቅሙ ሴቶች ሸክማቸውን ጥለው ከበውታል፤ አንዷ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ሁለት ሰዎች ደግሞ ከታች ከገደሉ ውስጥ ቁጥቋጦውን በዱላ እየገለጡ ሰው ይፈልጋሉ። ራሱን የያዘችው ሴትዮ ልጁ መሆኔን ስታውቅ፣ "አይዞሽ እህቴ፣ ወንድምሽን እየፈለግንላቸው ነው። ነግረውናል፤ ዕድሜው ሠላሳ ስድስት፣ ረዥም፣ ግንባሩ ላይ ከአጥር ወድቆ ያገኘው ጠባሳ ያለው። ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው?" አለችኝ። አባባን አየሁት፤ ዓይኑን ጨፍኗል። ውሻ ነው የምንፈልገው አላልኳትም። "ዘጠኝ ዓመቱ" አልኳት። ሴትዮዋ አላፌዘችብኝም። ገደል ውስጥ ያሉትን "ተመለሱ" ብላ ተጣራች፤ ከዚያ ሁለት እንጨት ቆርጠው፣ ነጠላችንን አስረው ቃሬዛ ሠሩና እስከ አስፋልቱ ተሸክመው አወረዱልን። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ዳሌው ተሰብሯል። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ብረት ገባለት። በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ሕመሙ በረድ ሲልለት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉን ነገርኩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ እንደ አሁኑ። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ስጨርስ፣ "አምስቱንም ሳምንት አያውቅም ነበር?" አለኝ። አያውቅም ነበር አልኩት። "ዘውድነሽ ናት?" አለኝ። እማዬን በስሟ ሲጠራት ካረፈች ወዲህ መስማቴ ነው። "ቃል ያስገባችኝ እሷ ናት፤ የዋሸሁህ ግን እኔ ነኝ" አልኩት። ከዚያ "ልጄን በሰፈሩ ፊት ውሻ አደረግሁት። አንቺ ቆመሽ እያየሽ" አለኝና "ውጪልኝ" አለ።

ዘጠኝ ቀን አላናገረኝም። ምግብ ከቢንያም እጅ ብቻ ነበር የሚቀበለው። ቢንያምን ባሌ ስለሆነ አይደለም የማሞግስልህ፤ ጠዋት ሥራ፣ ከሰዓት ሐኪም ቤት፣ በመሀል ደግሞ ከጎረቤት ጋር ጫካውን ሲያስስ ነበር። ውሻውን በሦስተኛው ቀን ከወንዙ አፋፍ አገኙት። ጅብ ነው። የቀረውን እዚያው ቀበሩት። ቢንያም ይህን ለአባባ ሲነግረው እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ ነበር። አባባ "ማን ብላችሁ ቀበራችሁት?" አለው። ቢንያም ግራ ገብቶት "ውሻው ብለን" አለ። "ደግ አደረጋችሁ" አለና አንሶላውን ፊቱ ላይ ሳበ።

አሁን ቤት ከመጣ አራት ቀኑ ነው። ሐኪሙ ተነሥቶ ካልተራመደ ሳንባው ይጎዳል ብሎናል፤ እሱ ግን መነሣት አይፈልግም። በጣም ከስቷል። ከትናንት ወዲያ "ስልኩን ስጪኝ" አለኝ። ቁጥርህን አውጥቼ ሰጠሁት። ስምህን ስክሪኑ ላይ አይቶ አይቶ መለሰልኝ። "ምን እለዋለሁ? እኔ የማወራው ጠፍቶኛል። አንቺ መጀመሪያ የሠራሽውን ጻፊለት፤ እኔም የሠራሁትን ጻፊለት፤ ምንም እንዳትቀንሺ። ከዚያ ካስቻለው እሱ ይደውል" አለኝ። ይኸው አልቀነስኩም።

ወንድሜ፣ ና አልልህም፤ አትምጣም አልልህም። ባለፈው እኔ ነኝ የወሰንኩልህ፤ ሁለተኛ አልወስንልህም። ወረቀትህም ያንተ ነው፣ አባትህም ያንተ ነው። ለእኔ ባትደውል፣ ዓመትም ሁለት ዓመትም ብትዘጋኝ አልፈርድብህም። ለእሱ ግን ደውል። ሲያነሳ መጀመሪያ ዝም ቢል እንዳትዘጋው፤ ዝምታው እምቢታ እንዳይመስልህ። ስለ ውሻው እሱ ካላነሳ አታንሳበት።

ቢንያም በርታ ይልሃል። የአባባን ነገር ለእኔ ተወው፣ እኔ እንደ ልጁ ሆኜ አነሣዋለሁ በይው ብሎኛል። ኤልዳና ሰላም ብላሃለች፤ አሁን አራተኛ ክፍል ናት፤ ፎቶህን ከሳሎን አውርዳ አባባ በሚያየው በኩል ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች፤ ማንም አላዘዛትም። እትዬ ሥርጉት በየቀኑ ሾርባ ያመጣሉ፤ ግንባሩን ሳሚልኝ ብለዋል። መጋቢ ኃይሉ መጥተው ጸልየውልናል፤ ለአንተም በጉባኤ ፊት በስምህ እንጸልያለን ብለዋል።

አባባን ምን ልበልልህ ብዬ ጠየቅሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ "ሲሄድ የታች መንጋጋ ጥርሱ ያመው ነበር። አስነቀለው ወይ ብለሽ ጻፊ" አለኝ።

እህትህ ሳምራ ለይኩን
ኮተቤ፣ የካ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.